ጠበቃ ሳትሆኑ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበትን ሰው እንዴት ታግዛላችሁ? ደረጃ በደረጃ፣ ለጎንደርና አካባቢዋ

ጎንደር ውስጥ ትንሽ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሄ ይገጥመዋል። ጎረቤት ወይ የእድር ሰው፣ ወይ ከደንቢያ ወይ ከወገራ የመጣ ዘመድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ይመጣና «እስቲ እይልኝ፣ ፍርድ ቤት ጠርተውኛል» ይላል። ማገዝ ትፈልጋላችሁ፣ ጠበቃ አይደላችሁም፣ ሰውየው ደግሞ ለጠበቃ የሚከፍለው የለውም። ከዛ ብዙዎቻችሁ ቁጭ ብላችሁ ሦስት ገጽ ማመልከቻ መጻፍ ትጀምራላችሁ፣ ነገሩ የሚበላሸው እዛው ላይ ነው።

እኔ አብሬ በሄድኩባቸው ጉዳዮች ሰው ሲሸነፍ ያየሁት እውነት ስለሌለው ብቻ አይደለም፣ ቀጠሮ አልፎት፣ ወረቀት ጠፍቶት፣ ወይ የማይሆን በር ሲያንኳኳ ከርሞ ጊዜው አልቆበት ነው። እነዚህን ሦስቱን ለመጠበቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን ማወቅና ወሰናችሁን አለማለፍ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ወሰናችሁ የት ነው

ይሄን ሳታነቡ ወደ ደረጃ 1 አትሂዱ።

በፌደራሉ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ሥራ የሚባለው ችሎት ፊት ቆሞ መከራከር ብቻ አይደለም። ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰነድ ማዘጋጀትና ሕግ ማማከርም ውስጡ አለ፣ ያለ ፈቃድ መሥራት ደግሞ ያስቀጣል። ክልሉም የራሱ የጥብቅና ፈቃድ አሠራር አለው። ስለዚህ፦

- ችሎት ላይ ስለሰውየው ሆናችሁ አትናገሩ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 58 የሚፈቅደው ለቅርብ ቤተሰብ ነው፣ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም የመሳሰለው ሕጋዊ ውክልና ይዞ ሊቆም ይችላል። ጎረቤት ውክልና ቢኖረውም አይሆንም። ሰው ውክልና ለማሠራት ገንዘብ ከፍሎ ችሎት ላይ ሲመለስ ስላየሁ ነው ይሄን አጥብቄ የምለው።
- «ትረታለህ» ወይ «ይሄ ክስ አያዋጣም» አትበሉ። ይሄ የሕግ ምክር ነው፣ ደግሞም አታውቁትም።
- ብር አትቀበሉ፣ የሻይም ቢሆን። የዳኝነት ገንዘቡንም (ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን) እናንተ ይዛችሁ አትክፈሉለት፣ ራሱ ይክፈል፣ ደረሰኙንም ራሱ ይያዝ።
- «ዳኛውን አውቀዋለሁ»፣ «ሬጅስትራሯ ዘመዴ ናት» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። አንድ ጊዜ ከወጣ እናንተም ባለጉዳዩም ችግር ውስጥ ናችሁ።

የተፈቀደላችሁ ማዳመጥ፣ ወረቀት ማስተካከል፣ ቀን መቁጠር፣ ትክክለኛው በር ድረስ ማድረስ፣ የተባለውን በቀላል አማርኛ መልሶ ማስረዳት፣ አብሮ ሄዶ ችሎት ውስጥ ቁጭ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቁ ሥራ እሱ ነው። እኔ በግሌ ሕጉ ሰልጥነው ለሚያግዙ ጠበቃ ላልሆኑ ሰዎች ከዚህ ሰፋ ያለ በር መክፈት አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ሴራሊዮን በ2012 እ.ኤ.አ ኬንያ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ በሕግ ድጋፍ አዋጃቸው ውስጥ በስም አስገብተዋቸዋል። የኛ እስኪከፈት ግን ባለው ወሰን ውስጥ እንሥራ።

የምታዘጋጁት ዕቃ

አንድ ደብተር ለአንድ ሰው (ሁለት ሰው በአንድ ደብተር አታደባልቁ)፣ ቁልፍ ያለው ፕላስቲክ ፎልደር፣ እስክሪብቶ፣ ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ፣ የግድግዳ ካላንደር። ካላንደሩ የኢትዮጵያ ይሁን፣ የፈረንጅና የሐበሻ ቀን የተደባለቀበት ሰው ቀጠሮ ያልፈዋል።

ደረጃ 1፦ ሳትጽፉ አዳምጡ

1. መጀመሪያ 20 ደቂቃ ዝም በሉ። እስክሪብቶ ካነሳችሁ ሰውየው ለናንተ የሚጥማችሁን ማውራት ይጀምራል።
2. ትልቅ ሰው ከሆኑ በአንቱታ አናግሩ፣ አታቻኩሉ። «እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ ማን ነበር መጀመሪያ የመጣው?» በሉ።
3. ከዛ ደብተሩን ክፈቱና አራት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ መቼ፣ የት። ለምን የሚለውን ተዉት፣ ለምን ሲባል የሰባት ዓመት ቂም ነው የሚመጣው።
4. ቀን አላስታውስም ካሉ ከበዓል ጋር አያይዙ። «ከጥምቀት በፊት ነው ከጥምቀት በኋላ? ከፋሲካ ጾም ውስጥ ነበር?» ስትሏቸው ቀኑ ይመጣል።
5. በመጨረሻ «አሁን እንዲደረግልዎ የሚፈልጉት ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉ። ይሄ አንድ መስመር ኋላ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል።

ሲያወሩ መደብደብ ወይ መደፈር ከተነሳ እዚህ ጋ አቁሙ። ደብተሩን ዝጉና በዛው ቀን ወደ ሆስፒታልና ወደ ፖሊስ ውሰዷቸው፣ ልብስ ሳይታጠብ፣ ገላ ሳይታጠብ። ሽማግሌ ይግባበት የሚል ሰው ቢመጣ እሽ አትበሉ።

ደረጃ 2፦ ፌስታሉን ገልብጡ

ወረቀቱን ሁሉ መደብ ላይ ዘርግፉና በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩት፣ የማይጠቅም የሚመስለውንም አትጣሉ።

1. እያንዳንዱን ወረቀት ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱ። ጀርባው ላይ ማኅተም ወይ የእጅ ጽሑፍ ይኖራል።
2. ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ፣ እናንተ ጋ ፎቶው ብቻ ይቅር። ዋና ሰነድ እናንተ ቤት ካደረ ኃላፊነቱ የናንተ ነው።
3. ዋናውን ላሚኔት አታስደርጉ፣ በስቴፕለር አትምቱ፣ ላዩ ላይ ምልክት አታድርጉ።
4. ፎቶዎቹን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፣ «ማን ያውቃል ይሄን» ብላችሁም ቢሆን። የሰው ምስጢር ነው።

አሁን የምትፈልጉት እነዚህን ነው፣ በየጉዳዩ።

የብድር ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ወረቀት አለ?» ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይ ችሎት ላይ በሚደረግ እምነት (ተበዳሪው ራሱ ማመኑ) ወይም መሐላ ካልሆነ በሰው ምስክር አይረጋገጥም ይላል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ በ500 ብር ምን እንደምትገዙ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ የሁላችን ብድር ማለት ይቻላል እዚህ ውስጥ ይገባል። አምስት ምስክር ቆጥሬ አለኝ የሚል ሰው ወረቀት ከሌለው ቀጥታ ክስ ከመሄዱ በፊት የሕግ ባለሙያ ያናግር።

ወረቀት ካለ ደግሞ ታች ያለውን አካባቢ አጉልታችሁ እዩት። ፊርማው የማን ነው? ሁለት ምስክር ፈርሟል? አንድ ጊዜ የመጣልኝ ወረቀት ከመስመር ደብተር የተቀደደ ነበር፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ፣ ታች ሰማያዊ የጣት አሻራ አለበት፣ ከአሻራው ጎን በሌላ ሰው እጅ ስም ተጽፏል። አሻራው የማያነብ ሰው ነው። የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ሥልጣን ባለው ሰነድ አረጋጋጭ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይሄ ለከሳሽ መጥፎ ዜና ነው፣ ለተከሳሽ ደግሞ ቤቱን የሚያድን ሊሆን ይችላል፣ የናንተ ሥራ ግን አሻራው መኖሩን አይታችሁ ለባለሙያው መጠቆም ብቻ ነው።

የገጠር መሬት ከሆነ የይዞታ ደብተሩን አምጡ፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ፎቶውንም እዩ፣ የሚስት ስምና ፎቶ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ጻፉ። የቤት ጉዳይ ከሆነ ካርታና ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ። ፍቺና ቀለብ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃና የልጆች የልደት ካርድ። ሥራ ከሆነ የቅጥር ደብዳቤ፣ የመጨረሻ ደመወዝ የተቀበለበት ፔሮል ወይ የባንክ ወረቀት፣ የስንብት ደብዳቤ። ስንብቱ በቃል ከሆነ ቀኑንና ማን እንዳለው ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ቀን ቁጠሩ

በዛው ቀን ይሠራ፣ ነገ አይባልም። ካላንደሩን አውርዱና ከታች ያሉትን እዩ።

- በፍትሐ ብሔር ፍርድ ላይ ይግባኝ፦ 60 ቀን።
- የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ይግባኝ፦ 30 ቀን።
- ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ከሆነ፦ 3 ወር። ያልተከፈለ ደመወዝና ኦቨርታይም፦ 6 ወር።
- ከሳሽ በመቅረቱ የተሰረዘ ክስ እንዲከፈት፦ 1 ወር (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 74)።
- ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ እንዲነሳ፦ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 1 ወር (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78)።
- ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሣ፦ 2 ዓመት።
- የውል ጉዳይ፣ ሕጉ ሌላ አጭር ጊዜ ካላስቀመጠ፦ 10 ዓመት።

የመጨረሻውን ቀን በቀይ ክበቡት፣ ከሱ 10 ቀን ቀድሞ ሌላ ክብ አድርጉ። የምትሠሩት በሁለተኛው ክብ ነው።

ቀኑ አልፎ ከሆነ፦ አትደብቁ፣ ሰውየውንም አታስደንግጡ፣ ዛሬውኑ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ውሰዱት (የት እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ አለ)። ይግባኝ ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው የማስፈቀጃ አቤቱታ (ጊዜው ቢያልፍም ይግባኝ ልበል ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅበት) የሚያቀርብበት መንገድ አለ፣ እሱም ምክንያቱ በቀረ በ10 ቀን ውስጥ ነው። «ወኪሌ ረስቶት ነው» ወይም «ጠበቃዬ ነው ያሳለፈው» በቂ ምክንያት ተብሎ አይወሰድም።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛው በር

ብዙ ሰው ከቀበሌ ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ፍርድ ቤት፣ ተመልሶ ወደ ቀበሌ ሲንከራተት ሁለት ወር ይሄዳል። በባጃጅና በሚኒባስ ብቻ የሚያወጣው ገንዘብ ያሳዝናል፣ ከትክል ድንጋይ ለሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ማለት አንድ የሥራ ቀን ነው። መጀመሪያ በሩን ለዩ።

1. ለመክሰስ ወይ ለመልስ የሕግ ባለሙያ የሚያስፈልገው ግን መክፈል የማይችል፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እዛ ሰነድም ያዘጋጁለታል፣ ምክርም ያገኛል። ይሄ የመጀመሪያ በራችሁ ይሁን።
2. ተጠርጥሮ የታሰረ ሰው፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር። ያለመናገር መብትም አለው። አንቀጽ 21 ዘመድና ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና የሕግ አማካሪ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል፣ እናንተም እንደ ጓደኛ መግባት ትችላላችሁ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ ብሎ ራሱ ችሎት ላይ እንዲጠይቅ ንገሩት። ስለ ተጠረጠረበት ነገር ግን አትጠይቁት፣ ለናንተ የነገራችሁ ነገር ለጠበቃ እንደተነገረ ምስጢር ጥበቃ የለውም።
3. ክስ ከሆነ የትኛው ፍርድ ቤት? መሬትና ቤት ከሆነ ንብረቱ ያለበት ቦታ። ገንዘብ ከሆነ ተከሳሹ የሚኖርበት፣ ወይ ውሉ የተደረገበት ወይ የሚፈጸምበት። ከሳሽ አዘዞ ስለሚኖር ብቻ ማክሰኝት ያለ መሬት ጎንደር ከተማ አይከሰስም። ወረዳ ነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚለውን ሬጅስትራር ጠይቁ፣ መጠየቅ ነፃ ነው።

በሩ ላይ «ነገ ና» ከተባለ፦ የተናገረውን ሰው ቢሮ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ሁለተኛ ቀንም «ነገ» ከተባለ በትህትና በጽሑፍ አመልክቱ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። አትጩኹ። በሕግ አምላክ ብሎ መጮህ በሩን ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም።

ደረጃ 5፦ ዳኝነት መክፈል ለማይችል ሰው

ክስ ሲከፈት የዳኝነት ገንዘብ ይከፈላል፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ሲበዛ እሱም ይበዛል። የሌለው ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባለው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል።

1. ከሚኖርበት ቀበሌ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ያውጣ። ደብዳቤው ቀን፣ ቁጥር፣ ማኅተምና ፊርማ እንዳለው እዛው ቆማችሁ አረጋግጡ።
2. ያለውን ንብረት ሁሉ ይዘርዝር። አንዲት ላም ካለችው ላሟ ትጻፍ። የደበቀው ነገር ከተገኘ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል።
3. ፍርድ ቤቱ ራሱን አስቀርቦ ይጠይቀዋል፣ ስለዚህ ምን እንዳለውና በምን እንደሚተዳደር ሳይፈራ እውነቱን ይናገር።

ከተከለከለ፦ በጊዜው ከፍሎ እንዲቀጥል ዕድል ይኑረው አይኑረው ትዕዛዙን ለሕግ ድጋፉ አሳዩ። እስከዛ ቀን መቁጠራችሁን አታቁሙ።

ደረጃ 6፦ ክሱ ወይም መልሱ ሲጻፍ

የሚጽፈው የሕግ ድጋፉ ወይ ጠበቃው ነው። እናንተ ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ማጠቃለያ አድርጋችሁ ስጡት፣ ባለሙያው ያቅፋችኋል፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው የሚያመጣለት ይሄን ነው፦

«ተከሳሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ተንኮለኛ ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበሩ፣ እኔ ግን እንደ ወንድሜ አይቼው ጎርሶ እንዲያድር ብዬ ብሰጠው እሱ ግን በእኔ ላይ ጀርባውን አዙሮ…»

እናንተ የምትሰጡት ግን እንዲህ ይሁን፦

«ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም ጎንደር አራዳ፣ 40,000 ብር አበደርኩት። ወረቀት አለ፣ ሁለት ምስክር ፈርሟል። ሰኔ 30 ሊመልስ ነበር። አልመለሰም። ሐምሌ 20 በስልክ ጠየቅኩት፣ የለኝም አለ።»

ባለጉዳዩ በራሱ የሚያቀርብ ከሆነ ወይም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ጋ ካስጻፈ፣ ከመፈረሙ በፊት ቃል በቃል አንብቡለት። ማንበብ ነው እንጂ መከለስ አይደለም። ስታነቡ እነዚህ እንዳሉ እዩ፦

1. የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስምና አድራሻ። ስም እስከ አያት ይጻፍ፣ ጎንደር ውስጥ በአባት ብቻ የሚመሳሰል ሰው ብዙ ነው።
2. ነገሩ የተፈጸመበት ቀንና ቦታ።
3. የሚጠየቀው ዳኝነት። እዚህ ጋ አስር ጊዜ ቁሙ። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም። «ፍትሕ ይሰጠኝ» ዳኝነት አይደለም። «40,000 ብር ከሕጋዊ ወለድ ጋር ይክፈለኝ፣ ወጪና ኪሳራዬን ይተካልኝ» ነው ዳኝነት። ሕጋዊ ወለድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በዓመት 9 በመቶ ነው፣ ካልጠየቀው አያገኘውም። በደረጃ 1 በራሳቸው ቃል የጻፋችሁት አንድ መስመር ከዚህ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ጸሐፊው የራሱን ነገር ጽፏል ማለት ነው፣ ይስተካከል።
4. የምስክሮች ስም፣ አድራሻና እያንዳንዱ ስለምን እንደሚመሰክር። የሰነዶች ዝርዝርና ቅጂ።
5. ከታች በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚለው ቃልና ፊርማ። ይሄን ያልገባው ሰው አይፈርም። ውሸት የተጻፈበት ካለ አሁን ነው የሚወጣው።

ቅጂው በተከሳሾች ቁጥር ልክ፣ ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለራሱም አንድ ይሁን።

መልስ የሚሰጥ ተከሳሽ ከሆነ፦ ክሱን አንቀጽ በአንቀጽ አንብቡለትና ጎኑ ላይ «እውነት»፣ «ውሸት»፣ «አላውቅም» ብሎ እሱ ይበላችሁ፣ እናንተ ኮፒው ላይ ጻፉ። በደፈናው «ክሱ ውሸት ነው» ብሎ መመለስ ብዙ ጊዜ እንደማመን ይቆጠራል። በባለሙያ ይጻፍ።

ደረጃ 7፦ መዝገብ ማስከፈትና መጥሪያ

1. ሬጅስትራር ሲቀበል መዝገብ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ፣ ስልካችሁ ላይ፣ ባለጉዳዩ ፎልደር ላይ፣ ሦስት ቦታ ጻፉ።
2. መጥሪያውን ለተከሳሹ በእጁ ለማድረስ ሞክሩ፣ የቀበሌ ሰው ወይ ገለልተኛ ምስክር ይዞ። ባለጉዳዩ ከተከሳሹ ጋር ጸብ ካለው ብቻውን አይሂድ።
3. የተቀበለበትን ፊርማ ከቀጠሮው በፊት መልሱ።

አልቀበልም ካለ ወይ ከጠፋ፦ አትጣሉት፣ ግቢው ውስጥ ወርውራችሁም አትሂዱ። ምስክሩ ያየውን በመሐላ ቃል ለፍርድ ቤቱ ያስረዳ፣ መጥሪያው በሌላ መንገድ እንዲደርስም ይጠየቅ፣ ማስታወቂያ መለጠፍም ሆነ በጋዜጣ መጥራት በፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ይቻላል። ዝም ከተባለና መጥሪያው ያልደረሰው በከሳሽ ጥፋት ከሆነ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃ 8፦ የችሎት ቀን

ከዋዜማው ማታ ደውሉ። «ነገ ነው፣ ጠዋት 2፡30 በር ላይ እንገናኝ፣ ዋናውን ወረቀትና መታወቂያዎን ይያዙ» በሉ። ከገጠር የሚመጡ ከሆነ ከዋዜማው ከተማ ይደሩ፣ መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይጠፋል።

ችሎት ከገባችሁ በኋላ ስልክ አጥፉ፣ ኋላ ቁጭ በሉ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ መቀመጥ ይቻላል፣ የቤተሰብ ጉዳይ በዝግ ከሆነ ደግሞ ውጭ ጠብቁ። በምልክት ወይ በከንፈር መልስ አትስጡ፣ ችሎት መድፈር ተብሎ ያስቀጣል። ምስክር አታስጠኑ። «ያዩትን ብቻ ይናገሩ፣ ያላዩትን አላየሁም ይበሉ» ከዚህ በላይ አትጨምሩ።

ባለጉዳዩ ቀጠሮ ሲሰጠው ከችሎት ሳይወጣ ቀኑን ደግሞ ይጠይቅ። ከወጣችሁም በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡ።

የመቅረት ነገር ላይ አንድ የኔን ልንገራችሁ። በርበሬ የሚሸጡ አንድ ጎረቤቴን ሳግዝ ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የልጅ ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል ተኛ፣ ደውለው «ምን ላድርግ» ሲሉኝ «ግዴለም እትዬ፣ ሲመለሱ እንጠይቃለን» አልኳቸው። ተከሳሹ ቀርቦ ስለነበር ክሱ ተሰረዘ። ከሆስፒታል ደብዳቤ አውጥተን፣ በሕግ ድጋፍ አስጽፈን በ19ኛው ቀን አመለከትንና መዝገቡ ተከፈተላቸው፣ ግን ያን 19 ቀን የእሳቸውን ፊት ማየት ከባድ ነበር። በዛው ቀን በጽሑፍ ማመልከቻ ከማስረጃ ጋር ብንልክ ኖሮ አይሰረዝም ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ባለጉዳዩ መቅረቱ የማይቀር ከሆነ፦ ከቀጠሮው በፊት ማመልከቻ ያስገባ፣ ማስረጃ ያያይዝ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመታ። በስልክ ተነግሯል ማለት አይበቃም።

ደረጃ 9፦ ሽማግሌ መሀል ላይ ከገባ

ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ጥሩም ነው፣ ግን ሰው በዕርቅ ስም መብቱን የሚያጣው እዚህ ነው። ሽማግሌ ስለገባ ቀጠሮ አይቀርም። ዕርቅ ካለቀ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለቱም ፈርመው ለችሎቱ ይቅረብና መዝገቡ ላይ ይስፈር። «ታርቀናል» ብሎ ክስ አንስቶ ቤቱ የገባ ሰው ሌላኛው ቢክደው በእጁ የሚይዘው ነገር የለም። ገንዘብ በዙር የሚከፈል ከሆነ እያንዳንዱ ዙር ቀን ይኑረው። ሴትየዋ ሽማግሌ ፊት ዝም ካሉ ዝምታቸውን እሽታ አታድርጉት፣ ለብቻቸው ወስዳችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ከፍርድ በኋላ

1. የፍርዱን ግልባጭ በቶሎ ይጠይቅ። ይግባኝ ያለ ግልባጭ አይሆንም፣ የጠየቀበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃም ይያዝ።
2. ፍርዱን በቀላል አማርኛ አስረዱት፦ ምን ተወሰነ፣ ማን ምን ይከፍላል፣ እስከመቼ። ከዛ ራሱ መልሶ ይንገራችሁ። መልሶ መናገር ካልቻለ አልገባውም።
3. ከተሸነፈ 60 ቀኑን ካላንደር ላይ አድርጉና በ10 ቀን ውስጥ ባለሙያ ጋ ይድረስ።
4. ካሸነፈ አላለቀም። ተከሳሹ በራሱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ (ፍርድ ቤቱ ፍርዱን እንዲያስፈጽምለት የሚጠይቅበት) መክፈት አለበት፣ ይሄ ደግሞ 10 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል። የተከሳሹን ንብረት፣ ባንክ፣ ደመወዝ የሚያገኝበትን መሥሪያ ቤት የሚያውቀው ባለጉዳዩ ስለሆነ ከአሁኑ ይዘርዝር።

መቼ ታቆማላችሁ

ባለጉዳዩ ሐሰተኛ ሰነድ ካሳያችሁ፣ ምስክር ግዙልኝ ካለ፣ ወይ ሌላኛው ወገን ዘመዳችሁ ከሆነ በዛው ቀን ተዉ። ስትተዉ ደብተሩን ከነ ፎቶ ኮፒው አስረክቡት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በትልቁ ጽፋችሁ ስጡት፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የሰነድ ፎቶ እሱ እያየ አጥፉ። ወደ ሕግ ድጋፉ የሚሄድ ከሆነም በሩ ድረስ አድርሱት፣ መዝገብ ቁጥሩን ለባለሙያው ራሱ ሲነግር ሰምታችሁ ተመለሱ።